ለቫዮሊንና ለድምፅ የተደረሱ ዘፈኖችን ይዞ ወደ መጀመሪያ አልበም፦ የቱ መንገድ ይሻላል?

ለቫዮሊንና ለራሱ ድምፅ የደረሳቸውን ዘፈኖች በአልበም ለማውጣት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ስቱዲዮ ጥሩ ነው?» ወይም «ምን ዓይነት ማይክ ልግዛ?» ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተራቸው ግን ገና ነው። ከሁሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው እየተጫወታችሁ ትዘፍናላችሁ ወይስ ቫዮሊኑንና ድምፁን ለየብቻ ትቀርፃላችሁ የሚለው ነው። የክፍሉ ምርጫ፣ የማይኩ ዓይነት፣ በክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ የምት መቁጠሪያ) መሄድ አለመሄድ፣ በኋላ ምን ያህል ማረም እንደምትችሉ፣ የምታወጡት ገንዘብ ሳይቀር ከዚህ መልስ በኋላ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ፤ ረዘም አድርጌም እቆይበታለሁ።

በአንድ ጊዜ ወይስ ለየብቻ?

ጊታር ይዞ የሚዘፍን ሰው አፉም አንገቱም ነፃ ነው። ቫዮሊን ግን አገጭ ሥር የሚያዝ መሣሪያ ነው። አገጭ ሲጫን መንጋጋ ይያዛል፤ መንጋጋ ሲያዝ አፍ በደንብ አይከፈትም፤ አንገትም ወደ ግራ ስለሚዞር ጉሮሮ ይጨነቃል። ቫዮሊኑን እንደ ልማዳችሁ ያዙና «አ» ብላችሁ አፋችሁን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ አንድ ረጅም ኖታ ዝፈኑ፤ አገጫችሁ መሣሪያውን ወደ ታች ሲገፋውና ቀስቱ ከክሩ ላይ ሲንሸራተት ወዲያው ይታወቃችኋል። እየተጫወቱ የሚዘፍኑ ሰዎች ይህን የሚያልፉት ቫዮሊኑን ከአገጭ አውርደው ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው በመያዝ፣ ወይም በሚዘፍኑበት ቦታ ቀስቱን ትተው መሣሪያውን እንደ ጊታር አቅፈው ክሩን በጣት በመምታት ነው። ዝቅ ብሎ ሲያዝ ግን የግራ እጅ መሣሪያውን የመሸከም ሥራ ይጨመርበታል፤ ወደ ላይኛው የክር ክፍል መውጣት ይከብዳል፤ ቪብራቶም (ኖታውን በጣት ማንቀጥቀጥ) እንደ ልብ አይሆንም። እንግዲህ አንድ ላይ ልትቀርፁ ካሰባችሁ ዘፈኑን ስትደርሱ ጀምሮ በግጥሙ ሥር የሚሄደው የቫዮሊን ክፍል ቀላልና በመጀመሪያው ፖዚሽን፣ ማለትም የግራ እጅ ከመሣሪያው አንገት ጫፍ ሳይነሣ፣ የሚያልቅ ይሁን። ከባዱን ጨዋታ አፋችሁ ለሚያርፍበት ለመግቢያውና ለመሸጋገሪያው አቆዩት።

አንድ ላይ የመቅረጽ ትልቁ ትርፍ ትንፋሽና ቀስት በአንድ ሰው መታዘዛቸው ነው። ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፃችሁ ሲሳሳ ቀስቱም ሳይነገረው አብሮ ይሳሳል፤ ለትንፋሽ ቆም ስትሉ ሙዚቃው አብሮ ቆም ይላል። ይህን ለየብቻ ቀርጾ ማስመሰል በጣም ከባድ ነው፤ ሰሚውም ምን እንደሆነ መግለጽ ባይችል እንኳ ልዩነቱ ይሰማዋል።

ጉዳቱ ድምፅ መቀላቀሉ ነው። በአፋችሁና በቫዮሊኑ መካከል ያለው ርቀት ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ማይኮቹን የቱንም ያህል ብታቀርቡ የድምፁ ማይክ ቫዮሊኑን፣ የቫዮሊኑ ማይክ ደግሞ ድምፁን ይሰማል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ለይቶ መድገም ወይም አንድ የሳተ ኖታ በፒች (በኖታ ከፍታ) ማረሚያ ማቃናት አይሆንም፤ በአንዱ ማይክ ያቃናችሁት ኖታ ሳይቃና በሌላው ማይክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ያላችሁ አማራጭ ሙሉ ዘፈኑን ደጋግሞ መቅረጽና የሚሻለውን ቴክ (አንዱን ሙሉ ቀረጻ) መምረጥ ነው፤ ቢበዛ አንዱን ስንኝ ከሌላ ቴክ ሁለቱንም ማይኮች አብሮ ቆርጦ መቀጠል።

መቀላቀሉን የሚያቀል የታወቀ ዘዴ አለ። ድምፅ የሚቀበሉበት አቅጣጫ በስምንት ቁጥር ቅርጽ የሆነ ማይኮች፣ ለምሳሌ አብዛኞቹ ሪበን ማይኮች፣ ከፊትና ከኋላ የሚመጣውን ይሰማሉ፤ በጎናቸው የሚመጣውን ግን የማይሰሙት ያህል ነው። የድምፁን ማይክ ፊቱ ወደ አፍ፣ ጎኑ ወደ ቫዮሊኑ እንዲሆን አዘንብሉት፤ የቫዮሊኑን ደግሞ ፊቱ ወደ መሣሪያው፣ ጎኑ ወደ አፍ። የጣት ስፋት ያህል መንቀሳቀስ እንኳ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ ሌላ ሰው ማይኩን ቀስ እያለ ሲያዘነብል እናንተ እየተጫወታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ በድምፁ ማይክ ውስጥ ቫዮሊኑ በጣም የሚሳሳበት ነጥብ ላይ ሲደርስ አቁሙት። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ እናንተ ራሳችሁ ከቦታችሁ አለመነቃነቅ ነው።

ለየብቻ መቅረጽ በተቃራኒው ነፃነት ይሰጣል። አገጩ ነፃ ስለሆነ ድምፃችሁ ሙሉ ነው፤ ቫዮሊኑም በሚገባው አያያዝ ተይዞ እስከ ጥግ ይወጣል። እያንዳንዱን ስንኝ መድገም፣ ማረም፣ ሚክስ ላይ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ግን ክሊክ ወይም መመሪያ የሚሆን ቀረጻ ይፈልጋል። ነፃ አካሄድ ያለው ዘፈን ክሊክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ስንኞቹ ሁሉ እኩል እየተራመዱ ይደርቃሉ።

እኔ ለብዙ ዘፈኖች የማበላልጠው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የተለመደውን ቅደም ተከተል መገልበጥ። አብዛኛው ቀረጻ መሣሪያው ቀድሞ ድምፁ ይከተላል። ለቫዮሊን ግን ተቃራኒው ይስማማዋል፤ በቀስት የሚጫወት መሣሪያ ኖታውን እንደ ትንፋሽ ማርዘምና ማሳጠር ስለሚችል ድምፅን መከተል ያውቅበታል። መጀመሪያ ቫዮሊኑን ክሮቹ በሚያርፉበት ብሪጅ ላይ በሚለጠፍ ፒክአፕ (የክሩን ርግብግብታ በሚቀበል ትንሽ ዕቃ) ብቻ ወደ ጆሮ ማዳመጫችሁ እየላካችሁ፣ በጣት ወይም በለስላሳ ቀስት ራሳችሁን እያጀባችሁ ያለ ክሊክ ዝፈኑ። መሣሪያው በለሆሳስ ስለሚመታ የድምፁ ማይክ ብዙ አይበከልም። ከዚያ የፒክአፑን ቀረጻ ጣሉትና የራሳችሁን ድምፅ እየሰማችሁ ቫዮሊኑን በጥሩ ማይክ፣ በተገቢው አያያዝ እንደገና ተጫወቱ። የአካሄዱ ሕይወት ይቀራል፣ ሁለቱ ትራኮችም ይለያያሉ።

አልበሙ በሙሉ በአንድ ዘዴ እንዲሠራ የሚያስገድድ ነገር የለም። እያንዳንዱን ዘፈን በስልክም ቢሆን በሁለቱም መንገድ ቀርጻችሁ በማግስቱ ስሙት። ግጥሙ የሚመራቸው፣ ነፃ አካሄድ ያላቸው ዘፈኖች አንድ ላይ ሲቀረጹ ያምራሉ። ምት ያላቸውና ብዙ ድርብ ቫዮሊን የሚፈልጉት ለየብቻ ይሁኑ።

ኪዩ ለድምፁ ይሁን ለክሩ?

ዘፈኑ በየትኛው ኪይ (መነሻ ኖታና ከፍታ) ይሁን የሚለው ከስቱዲዮ በፊት ማለቅ ያለበት ነው፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። የቫዮሊን ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ጂ፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ ናቸው፤ ወደ 196፣ 294፣ 440 እና 659 ኸርዝ ማለት ነው። በጂ፣ በዲና በኤ ኪዮች ስትጫወቱ ያልተነኩት ክሮች አብረው ስለሚርገበገቡ መሣሪያው ይከፈታል፣ ያስተጋባል። በኢ ፍላትና በኤ ፍላት ከክፍት ክሮች የሚያገኘው እገዛ ትንሽ ስለሆነ ድምፁ ይሸፈናል። መሸፈኑ ለኀዘን ዘፈን የሚስማማበት ጊዜ አለ። ግን ሳታስቡት ሳይሆን መርጣችሁት መሆን አለበት።

ድምፃችሁ የሚያምርበት ኪይ ኢ ፍላት ሆኖ ቫዮሊኑ ኢ ላይ ቢያምርስ? ዘፈኑን ወደ ኢ ከፍ አድርጋችሁ መዝፈን ትችላላችሁ፤ ወይም ከባዱን ኪይ መታገል፤ ወይም ክሮቹን ሁሉ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ማሰር። ምርጫዬ የመጨረሻው ነው። በአልበም ላይ ቃሉን የሚሸከመው ድምፅ ስለሆነ መታዘዝ ያለበት መሣሪያው ነው። ክር ላላ ሲል ድምፁም ይሞቃል፣ የኢ ክር ጩኸትም ይለዝባል። ከሙሉ ድምፅ በላይ ዝቅ ካለ ግን ክሩ ይዝለፈለፋል፣ ቀስቱም በደንብ አይነክሰውም። ክር ዝቅ ከተደረገ በኋላ እስኪረጋጋ ጊዜ ስለሚፈልግ ዝቅ ባለ ቅኝት የሚቀረጹትን ዘፈኖች በአንድ ቀን ሰብስቧቸው፤ ሁለተኛ ቫዮሊን መዋስ ከተቻለ ደግሞ ከዋዜማው አስራችሁ አሳድሩት። ከፍ አድርጎ ማሰሩን አልመክርም፤ ክር ይበጥሳል፣ መሣሪያውንም ያስጨንቃል።

ሌላው ነገር ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ ነው። ሴት ዘፋኝ አዘውትራ የምትውልበት ከፍታ ከቫዮሊኑ የታችኛዎቹ ሦስት ክሮች ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ቫዮሊኑ እዚያው ቦታ ላይ ዜማ ከተጫወተ ቃሉ ይዋጣል፤ ሚክስ ላይ ዝቅ በማድረግም ጨርሶ አይድንም። ከድምፁ አንድ ኦክታቭ በላይ ውጡ፣ ወይም አንድ ረጅም ኖታ ይዛችሁ ቆዩ፣ ወይም በጣት ምቱ። የወንድ ድምፅ አብዛኛውን ከቫዮሊኑ በታች ስለሚውል ይህ ችግር ይቀልለታል።

ባዶውን ወይስ ከነአጃቢው?

ቫዮሊን ከ196 ኸርዝ በታች የለውም። የሴት ድምፅም እዚያው አካባቢ ያበቃል። እንግዲህ በሁለቱ ብቻ የተሠራ አልበም ባስ የሌለው አልበም ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ለመሙላት ይቸኩላል። እኔ ግን ለመጀመሪያ አልበም ይህ ባዶነት መለያ ሊሆን እንደሚችል አጥብቄ አምናለሁ፤ ብዙ የተሞላ ሙዚቃ በሚሰማበት ዘመን አንድ ድምፅና አንድ ቫዮሊን ብቻ ሲመጣ ጆሮ ቀጥ ማለቱ ግድ ነው። ችግሩ ዐሥር ዘፈን በተከታታይ እንዲህ ሲሆን ነው። የቀለም ለውጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መንገድ ሉፐር ፔዳል፣ ማለትም የተጫወታችሁትን ቀርጾ እየደጋገመ የሚያሰማ በእግር የሚነካ መሣሪያ ነው። አንድሩ በርድና ኦወን ፓሌት ቫዮሊንን በሉፕ እየደራረቡ በመዝፈን ይታወቃሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን መድረክ መሙላት እንደሚችልም አሳይተዋል። ጥቅሙ አልበሙን ያለ ባንድ በመድረክ ማቅረብ መቻላችሁ ነው። ጉዳቱ ሉፕ አንዴ ከተጫነ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) በዚያው ይዞራል። አዝማቹ ወደ ሌላ ኮርድ የሚሄድ ዘፈን ከሉፕ ጋር ይጣላል። ዘፈናችሁ አስቀድሞ ለሉፕ ካልተደረሰ በግድ አታስገቡት።

ሁለተኛው በስቱዲዮ መደራረብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ምክር አለኝ፦ አንድን መስመር ሁለት ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። ሁለት ቫዮሊን አንድ ኖታ ሲይዙ ጥቃቅኑ የፒች ልዩነት እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ሦስተኛው ሲገባ ነው መንቀጥቀጡ ተበትኖ የቡድን ድምፅ የሚመስለው። በእያንዳንዱ ቴክ ከማይኩ ያላችሁን ርቀት ቀይሩ፤ ሌላ ቫዮሊን ወይም ሌላ ቀስት ካገኛችሁም ለውጡ። ለታችኛው መስመር ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅና የሚወፍር መሣሪያ)፣ ወይም እስከ 131 ኸርዝ የሚወርድ የሲ ክር ያለው ባለ አምስት ክር ቫዮሊን መዋስ ይቻላል። ምት ሲያስፈልግ ከበሮ ከመጥራት በፊት ቾፕን አስቡ፤ የቀስቱን ሥር በክሩ ላይ ጣል በማድረግ የሚወጣው ደረቅ ምት ነው። በ1960ዎቹ ብሉግራስ በተባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ውስጥ ሪቻርድ ግሪን የጀመረው ሲሆን ዛሬ በየዓይነቱ ሙዚቃ ይሠራበታል።

ሦስተኛው እንግዳ መጋበዝ ነው። ቼሎ ወይም ኮንትራባስ ለአንድ ሁለት ዘፈን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፒያኖ ስትጨምሩ ግን አስቀድማችሁ እወቁት፦ ቫዮሊን ሁለት ክር አብሮ ሲጫወት ጆሮ የሚወደው ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ (እንደ ሲና ኢ ያለ የሁለት ኖታ ርቀት) ከፒያኖው በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። ቫዮሊኑን ለብቻው ቀርጻችሁ ፒያኖ በኋላ ከገባ ሁለቱም ልክ ሆነው ሳለ ይጋጫሉ። ፒያኖ የሚገባበት ዘፈን ከሆነ ፒያኖው ይቅደም።

ቤት ወይስ ስቱዲዮ?

ድምፅ በቤት ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ሊቀረጽ ይችላል፤ ልብስ የተሰቀለበት፣ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ይበቃል። ቫዮሊን ግን በእንዲህ ያለ ክፍል ይሞታል። የመሣሪያው ውበት በከፊል ከክፍሉ የሚመጣ ነው፤ ድምፁ ወደ ላይና ዙሪያውን ይወጣል፣ ከጣሪያው ተመልሶም ይለሰልሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ የሚመለሰው ድምፅ ቶሎ ስለሚደርስ የሣጥን ውስጥ ድምፅ ይሆናል። ማይክ በጣም ሲቀርብም የቀስቱ ፀጉር ፍተጋ ከዜማው ይበልጥ ይሰማል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ድምፁን ቤት ቀርጹና ገንዘቡን ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል ለቫዮሊኑ ለመከራየት አውሉት። ማይኩን ከመሣሪያው በላይ አንድ ሜትር አካባቢ አስጀምሩትና እየሰማችሁ አቅርቡ ወይም አርቁ። አንድ ላይ የምትቀርፁ ከሆነ ግን ይህ ክፍፍል አይሠራም፤ ሁሉም በዚያው ከፍ ባለው ክፍል ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያ ጥያቄ ይቅደም ያልኩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ማይክ ዓይነት፦ ሪበን የቫዮሊንን የላይኛውን ስለት ያለዝባል። ኮንደንሰር ዝርዝሩን ሁሉ ያሳያል፣ ከነፍተጋው። ፒክአፕና በመሣሪያው ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ማይኮች የመድረክ ዕቃዎች ናቸው፤ ለአልበም ዋና ድምፅ ፒክአፕ ብቻውን አይበቃም። 24 ቢት ላይ ቅረጹ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ ከሚበላሽበት ጣሪያ፣ በ10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ቫዮሊን ድንገት ስለሚጮህ ቦታ መተው ያስፈልጋል። አዲስ ክር ከቀረጻው ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ በዕለቱ የተቀየረ ክር ቅኝት አይዝም።

ራሳችሁ ታቀናብሩ፣ ታሚክሱ ወይስ ለባለሙያ?

ቅንብሩን ራሳችሁ ሥሩት፤ ዘፈኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ሚክሱን ግን ቢቻል ለሌላ ሰው ስጡ። እየተጫወተ የሚዘፍን ሰው ለዓመታት ቫዮሊኑን ከጆሮው ሥር ሆኖ ስለሰማው ለሌላ ሰሚ ሚዛኑ የት እንደሆነ መገመት ይቸግረዋል። ማስተሪንጉን፣ ማለትም ያለቀውን ሚክስ ለማውጣት የሚያዘጋጀውን የመጨረሻ ሥራ፣ ደግሞ ሚክሱን ካልነካ ሦስተኛ ሰው ዘንድ ውሰዱት። «ድምፁን ከፍ አድርግልኝ» አትበሉት። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ከኔጌቲቭ 14 ላፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ በላይ የጮኸውን ዝቅ አድርገው ስለሚያጫውቱ፣ የተጨመቀ ማስተር የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የቀስታችሁን ማበጥና መክሰም ግን ያጠፋል።

ሙሉ አልበም ወይስ ኢፒ?

ከአራት እስከ ስድስት ዘፈንና ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ በዲጂታል መድረኮች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በኢፒ (በአጭር አልበም) ይመደባል፤ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ አልበም ነው። ስድስት ጠንካራ ዘፈን ካላችሁ ኢፒ አውጡ፤ ሰባተኛውን ለቁጥር ሲባል አትጨምሩ። በሸክላ ለማሳተም የምታስቡ ካላችሁ አንድ ገጽ በ20 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚያምረው። ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር የሸክላው ጥራት ስለሚቀንስ፣ የኢ ክር የሚጮህበትንና «ስ»፣ «ሽ» የበዛበትን ዘፈን የገጹ መጨረሻ ላይ አታድርጉ።

ማከፋፈልና መብት

ሥራችሁን ወደ ስትሪሚንግ መድረኮች ከሚያደርሱት ድርጅቶች ዲስትሮኪድ ዓመታዊ ክፍያ ይጠይቅና ከገቢው ኮሚሽን አይወስድም፤ ሲዲ ቤቢ ለአንድ ሥራ አንዴ አስከፍሎ ከዲጂታል ገቢው 9 በመቶ ይይዛል። በየጊዜው ነጠላ ዜማ ለማውጣት ያቀደ የመጀመሪያው ይበጀዋል፤ አንድ አልበም አውጥቶ ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሁለተኛው። ሙዚቀኛው ለአድማጩ በቀጥታ የሚሸጥበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ጥቂት ግን ታማኝ አድማጭ ላለው ሙዚቃ ከስትሪሚንግ የተሻለ ገንዘብ የሚገኝበት እዚያ ነው። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ትራክ የቀረጻ ክፍያ አያስብም፤ ለጀማሪ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ለስፖቲፋይ የዘፈን ዝርዝር (ፕሌይሊስት) አዘጋጆች የዘፈን ጥቆማ ለመላክ ሥራው ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ እኔ አንድ ወር ብትሰጡት እላለሁ።

በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ፦ የግጥምና ዜማው፣ እንዲሁም የቀረጻው፣ ማስተር የሚባለው። የጋበዛችሁት ቼሊስት የራሱን መስመር ፈጥሮ ከተጫወተ ከዜማው ድርሻ አለው ወይስ በክፍያ ብቻ ነው የሚለውን ከቀረጻው በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። አሳታሚ ገንዘብ ከሰጣችሁ ያ ገንዘብ ቅድመ ክፍያ ነው፤ ከድርሻችሁ ተቀናሽ ሆኖ እስኪያልቅ ሌላ ሳንቲም አታዩም። ስለዚህ ውሉን ስታነቡ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ማስተሩ የማን እንደሚሆንና ከስንት ዓመት በኋላ ወደ እናንተ እንደሚመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ፤ ያ አንቀጽ ከሌለ እንዲገባ ጠይቁ፤ ካልገባ በራሳችሁ አውጡት።